ገንዘቡ የሚቆምበትን ቀን ማን ይቆርጣል?

እ.ኤ.አ. በ2000 የፋሮ ደሴቶች መሪዎች ኮፐንሃገን ሄደው ከዴንማርክ መንግሥት ጋር ለድርድር ተቀመጡ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ይዘው የሄዱት ሐሳብ የተብራራ ነበር። ደሴቶቹ ነጻ አገር ይሁኑ፤ ከዴንማርክ በየዓመቱ የሚመጣላቸው ወደ 1 ቢሊዮን ክሮነር የሚጠጋ ድጎማ ደግሞ በ15 ዓመት ውስጥ ቀስ በቀስ ይቀንስ የሚል ነው። የያኔው ጠቅላይ ሚኒስትር ፖል ኒሩፕ ራስሙሰን ነጻነቱን አልከለከሏቸውም። መሄድ ትችላላችሁ፣ ገንዘቡ ግን በአራት ዓመት ውስጥ ያልቃል አሏቸው። በቀጣዩ ዓመት ግንቦት ሊካሄድ ታቅዶ የነበረው ሕዝበ ውሳኔም ሳይካሄድ ቀረ።

ወታደር አልተንቀሳቀሰም፣ ሰው አልታሰረም፣ ፓርላማ አልተበተነም። ከ15 ወደ 4 የወረደ አንድ ቁጥር ብቻውን የነጻነት እንቅስቃሴውን አስቁሞታል። ስለ ራስ ገዝ ደሴቶች ሲነሳ ወሬው አብዛኛውን ጊዜ በባንዲራ፣ በቋንቋና በፓርላማ ዙሪያ ይሽከረከራል። የድጎማው መጠንም አልፎ አልፎ ይነሳል። ከመጠኑ ይልቅ የሚያስረው ግን ድጎማው እንዴትና በስንት ዓመት እንደሚቆም የሚደነግገው ደንብ፣ ይልቁንም ደንቡን የሚጽፈው እጅ ነው።

ይህን ታሪክ ዛሬ በጥሞና የምታነበው ሌላዋ የዴንማርክ መንግሥት ግዛት ግሪንላንድ ናት። ዶናልድ ትራምፕ በ2019 ደሴቷን ልግዛ ሲሉ ጠቅላይ ሚኒስትር ሜተ ፍሬድሪክሰን ሐሳቡን የማይመስል ነገር ብለው ስለመለሱላቸው የኮፐንሃገን ጉብኝታቸውን ሰርዘው ነበር። በ2025 ወደ ሥልጣን ሲመለሱ ጥያቄውን በባሰ ኃይል አነሱት፤ የዓለም ጋዜጠኛም ወደ ዋና ከተማዋ ኑክ ጎረፈ። የመጣው ሁሉ የሚጠይቀው ደሴቷን ማን ይወስዳታል ብሎ ነው። የአገሬው ሰው ክርክር ግን ከዚያ ይልቅ ወደ ሂሳብ ያደላል። በዚያው ዓመት ጥር ሁለት ጋዜጦች፣ የዴንማርኩ በርሊንግስከና የግሪንላንዱ ሰርሚትሲያቅ፣ ባስጠኑት የሕዝብ አስተያየት 85 በመቶው አሜሪካን መቀላቀል አልፈልግም አለ። ስለ ነጻነት ሲጠየቅ 56 በመቶው እደግፋለሁ ሲል፣ ኑሮዬን የሚጎዳ ከሆነ ግን ይቅርብኝ ያለው 45 በመቶ ነው።

ኑሮው ምን ላይ እንደቆመ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የሕዝቡ ቁጥር 57,000 ገደማ ነው። ዴንማርክ በየዓመቱ ከ4 ቢሊዮን ክሮነር በላይ በጥቅል ድጎማ ትልካለች፤ ለነፍስ ወከፍ ሲካፈል ከ70,000 ክሮነር ይበልጣል። ከራስ ገዙ መንግሥት ገቢ ግማሽ ያህሉ ይኸው ነው። ከወጪ ንግዱ ከዘጠኝ አሥረኛ በላዩ ዓሣ ነው፤ በተለይ ሽሪምፕና ሃሊበት። ሁለት ከተማ የሚያገናኝ መደበኛ የመኪና መንገድ የለም፤ ወደ 70 በሚጠጉ ከተሞችና መንደሮች የተበተነው ሰው የሚገናኘው በጀልባ፣ በአውሮፕላንና በሄሊኮፕተር ነው።

በምሥራቁ ጠረፍ ያለችውን ኢቶቆርቶርሚትን እንይ። 350 ገደማ ሰው የሚኖርባት መንደር ናት። ባሕሩ ዓመቱን በአብዛኛው በበረዶ ስለሚዘጋ የዕቃ መርከብ የሚደርስላት በበጋ ብቻ ነው፤ ያውም አንዴ ወይም ሁለቴ። ዱቄቱ፣ ነዳጁ፣ ዳይፐሩ፣ የጀልባ ሞተር መለዋወጫው፣ ሁሉም በዚያች አጭር ጊዜ መራገፍና እስከሚቀጥለው በጋ መቆየት አለበት። መንደሯ ትምህርት ቤት አላት፣ የጤና ጣቢያ አላት፣ መብራት አላት። እነዚህን በገበያ ዋጋ ልክፈል ብትል የሚችል ኪስ የላትም። ከኮፐንሃገን የሚመጣው ገንዘብ ይህን ክፍተት የሚሞላ ነው።

እዚህ ላይ ማን ማንን ሲደጉም ኖረ የሚለው የቆየ ሙግት ይመጣል። በደቡብ ምዕራብ ጠረፍ ኢቪቱት በሚባል ቦታ ለአሉሚኒየም ማምረቻ ወሳኝ የነበረው ክሪዮላይት ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ እስከ 1987 ሲቆፈር ኖሯል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተባባሪዎቹ አገሮች የአውሮፕላን ምርት በእሱ ላይ ተደግፎ ነበር። በየካቲት 2025 የዴንማርክ የሕዝብ ማሰራጫ ዲአር ባሳየው ዘጋቢ ፊልም ከዚያ ማዕድን የተገኘው በዛሬ ዋጋ እስከ 400 ቢሊዮን ክሮነር ይደርሳል ተባለ። በግሪንላንድ ስንት ዘመን ሲታፈን የኖረ ቁጭት ወጣ፤ የምርጫ ዋዜማም ነበር። የዴንማርክ የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎች ደግሞ ፊልሙ ጠቅላላ ሽያጭን እንደ ትርፍ አስመስሎ አቅርቧል ብለው ተነሱ። ጥቂት ቀናት ሳይቆይ ዲአር ፊልሙን አወረደ፣ አንድ ኃላፊም ከቦታው ተነሳ።

ባለሙያዎቹ በሂሳቡ ልክ ነበሩ፤ ሽያጭ ትርፍ አይደለም። ይሁን እንጂ ፊልሙ መውረዱ ጥያቄውን አላወረደውም። ግሪንላንዳውያን ድጎማውን እንደ ምጽዋት መቁጠር የሚከብዳቸው የሚያስታውሱት ብዙ ስላለ ነው። በ1953 ቅኝ ግዛትነቱ ቀርቶ ደሴቷ የዴንማርክ አካል ስትሆን ማንም ድምፅ ስጡ አላላቸውም። በ1964 የወጣ ደንብ በግሪንላንድ የተወለደ የመንግሥት ሠራተኛ ከዴንማርክ ከመጣ ባልደረባው ያነሰ ደመወዝ እንዲያገኝ አድርጓል። ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በሺህ ለሚቆጠሩ ሴቶችና ልጃገረዶች፣ ብዙዎቹ ሳያውቁ ወይም ሳይስማሙ፣ የእርግዝና መከላከያ ሉፕ በማኅፀናቸው ተቀብሯል። ፍሬድሪክሰን በመስከረም 2025 ኑክ ድረስ ሄደው ይፋ ይቅርታ የጠየቁት ለዚህ ነው። እንዲህ ያለ መዝገብ ባለበት ቤት የሚላክ ገንዘብ በላኪው ዘንድ ቸርነት፣ በተቀባዩ ዘንድ ዕዳ ማቃለያ ተብሎ ቢጻፍ አይገርምም።

ወደ ሕጉ እንምጣ። ግሪንላንድ በ1979 የአገር ውስጥ አስተዳደር አገኘች። በኅዳር 2008 በተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ 75 በመቶ የሚሆነው መራጭ ስለደገፈው የተሻሻለው የራስ ገዝነት ሕግ ሰኔ 21 ቀን 2009 ሥራ ላይ ዋለ። የግሪንላንድ ቋንቋ ብቸኛው የሥራ ቋንቋ ሆነ፤ የከርሰ ምድር ሀብቱም ወደ ደሴቷ መንግሥት የሚተላለፍበት መንገድ ተከፈተ። ሕዝቡ ነጻነት ከፈለገ ውሳኔው የራሱ እንደሆነ አንቀጽ 21 በግልጽ ይናገራል። በዓለም ላይ እንዲህ ያለ የመውጫ አንቀጽ ያላቸው ግዛቶች ጥቂት ናቸው።

በዚያው ሕግ ውስጥ ግን ሁለት የገንዘብ ድንጋጌዎች አሉ። የመጀመሪያው ድጎማውን በ2009 ዋጋ 3.4 ቢሊዮን ክሮነር ላይ ቸነከረው፤ ከዚያ የሚጨምረው ለዋጋና ለደመወዝ ንረት ብቻ ነው። ኑክ ከሕጉ ዝርዝር ውስጥ አዲስ ሥልጣን፣ ለምሳሌ ፖሊስን ወይም ፍርድ ቤትን፣ ልረከብ ብትል ወጪውን ከራሷ ኪስ ትችላለች። ስለዚህ እያንዳንዱ ወደ ነጻነት የሚወስድ እርምጃ ከትምህርት ወይም ከጤና በጀት ላይ ይቀነሳል። ሕጉ ከወጣ ከአንድ ተኩል አሥርት ዓመት በኋላም ፖሊሱም ፍርድ ቤቱም በዴንማርክ እጅ መሆኑ ከስንፍና የመጣ አይደለም።

ሁለተኛው ድንጋጌ ከማዕድን የሚገኘውን ገቢ ይመለከታል። በዓመት 75 ሚሊዮን ክሮነር እስኪሞላ ድረስ የደሴቷ ነው። ከዚያ በላይ ከሚገኘው የግማሹን ያህል ከድጎማው ላይ ይቀነሳል። በወረቀት ላይ ፍትሐዊ ይመስላል፤ ማዕድኑ እያደገ ሲሄድ ድጎማው እየቀለጠ አንድ ቀን ዜሮ ይደርሳል። የተግባሩ ነገር ሌላ ነው። ቀመሩን የሚያስነሳ ገቢ የሰጠ ማዕድን እስካሁን አልተገኘም። በ2017 የተከፈተው የሩቢ ማዕድን ከስሯል። ክቫነፊየልድ በተባለው ተራራ ያለው ብርቅዬ ማዕድን ከዩራኒየም ጋር የተቀላቀለ ነው፤ በ2021 ምርጫ መራጩ ተቃዋሚውን ኢኑይት አታቃቲጊት ፓርቲ መርጦ አስቆመው፣ ፓርላማውም ዩራኒየም ማውጣትን የሚከለክል ሕግ አወጣ፣ ባለፈቃዱ ኩባንያም መንግሥትን በግልግል ዳኝነት ከሰሰ። ከተራራው በታች ያለችው የናርሳቅ ከተማ በግ የሚረባበት፣ ዓሣ የሚጠመድበት አገር ናት። ነጻነትን በማዕድን ግዛ የሚለው ቀመር ለእርሷ ነዋሪዎች የግጦሽ ሣራችሁን አስይዛችሁ በማዕድን አቧራ ላይ ተወራረዱ እንደማለት ሆኖባቸዋል።

ድጎማው በሌላ በር ሲገባ ደግሞ የኑክ አውሮፕላን ማረፊያ ምስክር ነው። የግሪንላንድ መንግሥት ትልልቅ አውሮፕላን የሚቀበል ማረፊያ ለመሥራት ሲነሳ በ2018 ለጨረታው ካለፉት ተቋራጮች አንዱ የቻይና መንግሥት ኩባንያ ነበር። ዋሽንግተን ደነገጠች፣ ኮፐንሃገንም ተከተለች። ለዓመታት እጁ አጥሮት የነበረው የዴንማርክ ግምጃ ቤት በድንገት ተከፈተና ጠቅላይ ሚኒስትር ላርስ ሎከ ራስሙሰን ኑክ ሄደው 700 ሚሊዮን ክሮነር በማዋጣት ከማረፊያዎቹ ኩባንያ ሲሶውን ድርሻ ያዙ። ናለራቅ የተባለው የነጻነት ፓርቲ ይህ በጓሮ የገባ ቁጥጥር ነው ብሎ ከጥምር መንግሥቱ ወጣ፤ የቻይናው ኩባንያም በኋላ ራሱን አገለለ። 2,200 ሜትር መንደርደሪያ ያለው ማረፊያ በኅዳር 2024 ተመረቀ፣ በቀጣዩ በጋም ከኒውዮርክ አጠገብ ካለው ኒዋርክ ቀጥታ በረራ ተጀመረ። በነሐሴ 2025 የዴንማርክ የትራንስፖርት ባለሥልጣን የጥበቃ ሠራተኞቹ ሥልጠና ጉድለት አለበት ብሎ ዓለም አቀፍ ፍተሻውን ሲያግደው፣ መንገደኛው ሁሉ የአየር ጉዞ ቁጥጥር ገና ኮፐንሃገን እንዳለ ለማስታወስ ተገደደ።

አንድ ነገር ግን ኑክ ተምራለች፤ ሌላ ፈላጊ ሲኖር ዋጋዋ ይወደዳል። ትራምፕ በጥር 2025 ሥልጣን በያዙ በሳምንቱ ዴንማርክ ለአርክቲክ መከላከያ 14.6 ቢሊዮን ክሮነር መደበች። በዴንማርክ የሚኖሩ ግሪንላንዳውያን ወላጆች ልጅ የማሳደግ ብቃታቸው የሚለካበትና ከባህላቸው ጋር የማይሄድ ሲባል የኖረው የሥነ ልቦና ፈተናም በዚያው ዓመት ቀረ። ለዓመታት ይህን ሲጠይቁ የነበሩ ሰዎች በአንድ በኩል ተደሰቱ፣ በሌላ በኩል ለምን እስካሁን አሉ። ልክ ናቸው።

ወደ ፋሮ ስንመለስ በ2000 የተዘጋው በር በሌላ ቁልፍ ተከፍቷል። ፋሮዎች የድጎማን ቀንበር ከማንም በላይ ያውቁታል። በ1980ዎቹ በብድር በተገዙ መርከቦች ባሕሩን አራቁተው በ1992 ባንኮቻቸው ተንኮታኮቱ፣ ከአሥር ሰው ከአንድ በላይ አገር ጥሎ ሄደ፣ ዴንማርክም በከባድ ቅድመ ሁኔታ አበደረቻቸው። ከኒሩፕ ራስሙሰን ጋር የነበረው ድርድር ከከሸፈ በኋላ የደሴቶቹ መሪዎች ያደረጉት ብልህ ነገር ነው። ነጻነቱን ለጊዜው ትተው ድጎማውን በራሳቸው ጥያቄ በ366 ሚሊዮን ክሮነር አስቀነሱትና የቀረውን እዚያው አቆሙት። ዛሬ ወደ 640 ሚሊዮን ገደማ ነው፤ ኢኮኖሚው ስላደገ ከጠቅላላው 3 በመቶ ያህል ቢሆን ነው። መቀነሻውን ቀን የቆረጡት እነርሱ ናቸው።

ያደጉበት መንገድም ከራስ ገዝነታቸው ጋር የተያያዘ ነው። ፋሮ ከዴንማርክ ጋር ወደ አውሮፓ ማኅበረሰብ አልገባችም፤ የዓሣ ውሃዋን ለማንም ላለማካፈል። በ2013 በሄሪንግ ኮታ ከአውሮፓ ኅብረት ጋር ስትጣላ ኅብረቱ ማዕቀብ ጣለባት፤ ዴንማርክ እንደ ኅብረቱ አባል ወደቧን ለገዛ ግዛቷ ዓሣ ለመዝጋት ተገደደች። በዓለም ንግድ ድርጅት ፊት ደግሞ ስለ ፋሮ ሆና ክሱን ያቀረበችው ራሷ ዴንማርክ ናት። ሕገ መንግሥት ለሚያስተምር መምህር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ይከብዳል። በ2014 ሩሲያ የኅብረቱንና የኖርዌይን ሳልሞን ስታግድ ፋሮ ከእገዳው ውጭ ሆነች፣ ዓሣዋም ሞስኮ ላይ ውድ ዋጋ አወጣ። ገንዘቡ ንጹሕ ነው ወይ የሚለው ከ2022 በኋላ በፋሮ ዋና ከተማ ቶርስሃውን ውስጥም ያጨቃጨቀ ጥያቄ ነው፤ ገንዘብ መሆኑን ግን ማንም አልካደም።

ግሪንላንድ ይህን ልትቀዳ ትችላለች ማለት ቀላል ነው። የፋሮ 18 ደሴቶች ቢደመሩ 1,400 ካሬ ኪሎ ሜትር ናቸው፤ አብዛኛው ሰው በመንገድ፣ በድልድይና ከባሕር በታች በተቦረቦረ ዋሻ ተገናኝቷል። ግሪንላንድ ከ2.1 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ናት። ሕዝቡ ተመጣጣኝ ነው፣ መሬቱ ግን ከአንድ ሺህ እጥፍ በላይ። ያም ሆኖ ኑክ አንድ ጊዜ ጥሩ ንግድ ሠርታለች። በ1982 ሕዝቡ ከአውሮፓ ማኅበረሰብ ለመውጣት ወሰነ፣ በ1985 ወጣ፣ ብራስልስም እስከ ዛሬ በዚያ ውሃ ለማጥመድ ትከፍላለች። ይህ ገንዘብ ከድጎማ በጠባዩ ይለያል፤ የዕቃ ዋጋ ነው፣ ሻጩም ካልተስማማው ሊከለክል ይችላል።

ሳይዘጋጁ መውጣት ምን እንደሚያመጣ አፍሪካ አጠገብ ያሉት የኮሞሮ ደሴቶች አይተዋል። በታኅሣሥ 1974 በተካሄደው ድምፅ ሦስቱ ደሴቶች ነጻነትን ሲመርጡ ማዮት ከፈረንሳይ ጋር መቆየትን መረጠች። ኮሞሮ በ1975 ነጻነት ስታውጅ ፓሪስ ባለሙያዎቿንና እርዳታዋን ወዲያው አነሳች፤ ከዚያ በኋላ የመጣው የመፈንቅለ መንግሥት ሰልፍ የታወቀ ነው። ማዮት ደግሞ በ2009 በ95 በመቶ ድምፅ የፈረንሳይ 101ኛ ዲፓርትመንት ለመሆን ወሰነች። ከኮሞሮዋ አንጁዋን ደሴት ወደ ማዮት 70 ኪሎ ሜትር ያህሉን ባሕር በትንንሽ ጀልባ ለማቋረጥ ሲሉ የሰጠሙትን በትክክል የቆጠረ የለም። ይሁንና ማዮትም ብትሆን ከድህነት አልወጣችም፤ በፈረንሳይ መለኪያ ከአራት ነዋሪ ሦስቱ ከድህነት ወለል በታች ነው። በታኅሣሥ 2024 የቺዶ አውሎ ነፋስ ሲመታት የቆርቆሮ ሰፈሮቿ እንዴት እንደተነቀሉ ዓለም አየ።

በኑክ አሁን ብዙ የሚነሳው መካከለኛ መንገድ ነጻ ቁርኝት የሚሉት ነው፤ አገር መሆን፣ ግን መከላከያንና ገንዘብን በውል ከትልቅ አገር ጋር ማሰር። ናለራቅ ይህን ከአሜሪካ ጋርም ቢሆን ለመነጋገር ዝግጁ ነው። በፓስፊክ ያሉት የኩክ ደሴቶች ከ1965 ጀምሮ ከኒውዚላንድ ጋር እንዲህ ይኖራሉ፤ ሕዝባቸው የኒውዚላንድ ዜግነት አለው። በየካቲት 2025 ጠቅላይ ሚኒስትራቸው ማርክ ብራውን ቤጂንግ ሄደው የትብብር ስምምነት ፈረሙ። ዌሊንግተን ሳታማክሩኝ ብላ ተቆጣች፣ በሰኔም 18.2 ሚሊዮን የኒውዚላንድ ዶላር የበጀት ድጋፍ መያዟ ታወቀ። የቁርኝቱን 60ኛ ዓመት ያከበሩት በዚህ ኩርፊያ ውስጥ ሆነው ነው። ውሉ ላይ መመካከር የሚል ቃል አለ፤ ምን ያህል ምክክር፣ በምን ጉዳይ፣ ካልተደረገስ ምን ይሆናል የሚለው ሳይብራራ ስድስት አሥርት ዓመት አልፏል።

በመጋቢት 2025 ምርጫ አንደኛ የወጣው ዴሞክራቲት ነው፤ መሪው የንስ ፍሬድሪክ ኒልሰን ከናለራቅ በቀር ሁሉንም የምክር ቤቱን ፓርቲዎች ይዘው ጥምር መንግሥት መሠረቱ። መጀመሪያ ኢኮኖሚ፣ ከዚያ ነጻነት የሚል ፓርቲ ነው። አቋሙ አስተዋይ ነው፣ ግን አንድ ቀዳዳ አለው፦ ኢኮኖሚው የሚያድገው ዕድገትን በሚቀጣ ቀመር ሥር ሆኖ ነው። የ2009ኙ ሕግ አንቀጽ 10 ድጎማው ዜሮ ከደረሰ ሁለቱ መንግሥታት ስለ ወደፊቱ የገንዘብ ግንኙነት ይደራደራሉ ይላል። ያን ጊዜ ድረስ መጠበቅ በባዶ እጅ ለድርድር መቀመጥ ነው። ዴንማርክ ደሴቷን ላጣ እችላለሁ ብላ በምትሰጋበት በዚህ ጊዜ፣ ሥልጣን ሲተላለፍ ገንዘቡም አብሮ እንዲተላለፍና ድጎማው በረጅም የጊዜ ሰሌዳ እንዲወርድ ሕጉ ውስጥ ማስጻፍ የሚቻል ይመስላል። ማሻሻያው በዴንማርክ ፓርላማ በፎልከቲንግ ማለፍ አለበት፤ ከ179 መቀመጫዎቹ የግሪንላንድ ሁለት ብቻ ስለሆኑ ሥራው የሚጀምረው የኮፐንሃገን ትልልቅ ፓርቲዎችን አንድ በአንድ ከማሳመን ነው።